ከሐይቅ ሽርሽር መልስ የሚመጣ ትኩሳት፦ ከጀልባ ኋላ ማዕበል ለመጋለብ ላሰባችሁ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "ዶክተር፣ ቲክቶክ ላይ ሰዎች ገመድ ሳይዙ ከጀልባ ኋላ ቦርድ ላይ ቆመው ማዕበል ሲጋልቡ አየን። ለበዓል ከአሰላ ተነስተን ቆቃ ልንወርድ ነው፤ ጀልባ ያለው ሰውም አግኝተናል። ብንሞክረው ችግር አለው?"

አጭሩ መልስ፦ ስፖርቱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ጀልባና እናንተ ያገኛችሁት ጀልባ አንድ አይደሉም። ውኃውም አንድ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ከሐይቅ ይዘነው የምንመለሰው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ ሐይቁን ረስተነዋል፣ ሐኪሙም አይጠይቀንም። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ ስፖርቱ። ስሙ ዌክሰርፊንግ ይባላል። ማንኛውም ጀልባ ሲሄድ ከኋላው ማዕበል ይተዋል። ለዚህ ጨዋታ ተብለው የሚሠሩ ጀልባዎች ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ውኃ የሚሞላ ታንከር አላቸው፤ በብዙ መቶ ኪሎ የሚቆጠር ውኃ ሲሞላ የጀልባው ጅራት ወደ ታች ይጫንና ማዕበሉ ያድጋል። ጋላቢው በገመድ ተስቦ ቦርዱ ላይ ይቆማል፣ ማዕበሉ ሲይዘው ገመዱን ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚገፋው ማዕበሉ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባጃጅ ከዚህ ይፈጥናል። ስለዚህ ብዙ ሰው "ይሄማ ቀላል ነው" ይላል። መውደቁ በእርግጥም ከዋተር ስኪ ይቀላል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሊጠመዘዝ፣ በጎን ከወደቃችሁ ደግሞ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል፤ እሱን እናክማለን። የሚያሳስበኝ ርቀቱ ነው። በዋተር ስኪ ጋላቢው ከጀልባው 20 ሜትር ገደማ ርቆ ይሄዳል። በዌክሰርፊንግ ግን ከጀልባው ጅራት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ላይ ነው ያለው። ከጀልባው ጋር ማውራት ትችላላችሁ ማለት ነው።

አሁን ሁለት ሜትር ከፊታችሁ ምን እንዳለ አስቡ። በአገራችን ሐይቆች ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የሞተር ጀልባዎች ሞተራቸው ከኋላ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው፤ ውኃውን የሚመታው ፕሮፔለር ከጀልባው ጅራት ውጭ እየተሽከረከረ ነው። ለዌክሰርፊንግ የሚሠሩት ጀልባዎች ግን ሞተራቸው ውስጥ ነው፣ ፕሮፔለራቸውም ከጀልባው ሆድ ሥር ገባ ብሎ ተደብቋል። ልዩነቱ የዋጋ ወይም የቅንጦት አይደለም። ከጀልባው ሁለት ሜትር ላይ ስትጋልቡ ማዕበሉ አንዳንዴ ወደ ፊት ይጥላችኋል፤ ወደ ፊት ስትወድቁ የምትወድቁት ሞተሩ ላይ ነው። ፕሮፔለር የሚያደርሰውን ጉዳት እዚህ ገጽ ላይ በፎቶ አላሳይም። ዌክሰርፊንግ በተስፋፋባቸው አገሮች ዋናው የደኅንነት ምክር ይሄ ነው፦ ሞተሩ ከኋላ ከተንጠለጠለ ጀልባ ኋላ አይጋለብም። ባለ ጀልባው "ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ አታስቡ" ቢላችሁም መልሱ ያው ነው። ቀስ ብሎ የሚዞር ፕሮፔለርም ይቆርጣል።

ስለዚህ ያገኛችሁት ጀልባ ሞተሩ ውጭ የሚታይ ከሆነ ዌክሰርፊንጉን እርሱት። በረጅም ገመድ መሳብ፣ ካያክ፣ ወይም ዝም ብሎ በጀልባ መንሸራሸር አለላችሁ።

ጭሱስ?

ይሄኛውን የአሰላ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የጭላሎ ብርድ በሐምሌና በኅዳር ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ብርዱን ለመሸሽ ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም። ያ የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና ሰውየው ሳያውቀው ራሱን ያስተዋል።

የቤንዚን ጀልባ ሞተርም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። "ሐይቅ ላይ እኮ ነው፣ አየር ሞልቷል" እንዳትሉ። ጀልባ በዝግታ ሲሄድ ከኋላው አየር የሌለበት ዓይነት ኪስ ይፈጠራል፤ ጭሱም ተመልሶ ወደዚያ ይሳባል። ነፋስ ከኋላ ከመጣ ይብሳል። ጋላቢው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው የሚተነፍሰው፤ ጀልባው ጅራት ላይ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቪዲዮ የሚቀርጸው ጓደኛም እንዲሁ።

ይሄ የፈጠራ ስጋት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፓወል የሚባል በግድብ የተፈጠረ ትልቅ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ወንድማማች ልጆች ከአንድ የቤት ጀልባ ጅራት አጠገብ ሲዋኙ ሞቱ። ምርመራ ሲደረግ የገደላቸው የጀነሬተር ጭስ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው የቀድሞ ሞቶችን ሲያጣሩ፣ ከዚያ በፊትም በዚያው ሐይቅ ላይ በዚሁ ጋዝ የሞቱ ሌሎች ሰዎች እንደነበሩ አዩ። ካሊፎርኒያም በሚሄድ ጀልባ ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ መጎተትን በሕግ ከለከለች።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መድከም፣ መደነባበር ነው። ሐይቅ ላይ ይሄ ሁሉ "ፀሐይ መታኝ"፣ "ጀልባው አጥወለወለኝ"፣ ወይም "ቢራው ነው" ተብሎ ያልፋል። ቤት ውስጥ ሰውየው ራሱን ቢስት ወለል ላይ ይወድቃል፤ ሐይቅ ላይ ግን ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ "ሰጠመ" ተብሎ ይቀበራል። ጀልባ ላይ ያላችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ንጹሕ አየር ውሰዱ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኮቪድ ወዲህ ብዙ ቤት የገባችው ጣት ላይ የምትሰካ የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጉዳይ ትዋሻለች። ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን መለየት አትችልም፤ ሰውየው እየተመረዘ 98 ልታሳይ ትችላለች። እሷን አይታችሁ እንዳትረጋጉ።

የአርሲ ልጅ ሩጫ እንጂ ዋና አልተማረም

ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፣ በቆጂ ደግሞ እነ ቀነኒሳና ጥሩነሽን አፍርታለች። ሳንባችን ጥሩ ነው፤ አያከራክርም። ጠንካራ ሳንባ ግን መዋኘት አያስተምርም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው ለዋና የሚሆን ውኃ አላየም፤ ወንዙ ቀዝቃዛ ነው፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይወስዳል ተብሎ ነው ያደገው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልሙ አይጮህም፣ እጁን አያወዛውዝም። አፉ ከውኃ በላይና በታች እየሆነ ለመተንፈስ ይታገላል እንጂ ለመጮህ አየር የለውም። ጸጥ ብሎ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚጠፋው።

የቆቃ ውኃ ደግሞ አፈር የበዛበት ነው። አዋሽ ከላይ ያጠበውን ደለል ሁሉ እዚያ ሲያራግፍ ኖሯል፤ እጃችሁን ክንድ ድረስ ብትነክሩት ጣታችሁን ላታዩ ትችላላችሁ። አንድ ሰው አንድ ሜትር ከገባ ከጀልባ ላይ ሆኖ የሚያየው የለም።

መፍትሔው ላይፍ ጃኬት ነው፤ በልክ የሆነ፣ መቆለፊያው የተዘጋ። ጀልባው ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭበውም ይልበስ። "ዋና እችላለሁ" የሚለው በተለይ ይልበስ፤ ጭንቅላቱን ቦርዱ ቢመታውና ራሱን ቢስት ዋናው አይጠቅመውም። ጀልባው ላይ ከነጂው ሌላ ዓይኑን ከጋላቢው ላይ የማያነሳ አንድ ሰው መኖር አለበት። ስልክ የሚቀርጸውን ልጅ ለዚህ ሥራ አትመድቡት። መጠጥ ደግሞ ከጀልባው ወርዳችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ፣ ከዚያ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ሳይማከር፣ ነፍሰ ጡር እህቶች ደግሞ ጭራሽ አይሞክሩት።

ሰው ከሰጠመ ዘላችሁ አትግቡ፤ ገመድ፣ እንጨት፣ ጀሪካን ወርውሩለት። ባዶ ጀሪካን ክዳኑ ከተዘጋ ጥሩ ተንሳፋፊ ነው። ካወጣችሁት በኋላ እባካችሁ እግሩን ይዛችሁ አትዘቅዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑ። ውኃ ይወጣል ተብሎ የሚደረገው ይሄ ነገር ጊዜ ይገድላል፣ ትውከቱንም ወደ ሳንባ ይመልሳል። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ የደረቱን መሐል መጫን ጀምሩ፣ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። የሰጠመ ሰው የጎደለው አየር ስለሆነ ትንፋሹ ይቀድማል።

ውኃው ውስጥ ምን አለ?

ቆቃ በተፈጥሮ የነበረ ሐይቅ አይደለም። ጣሊያን በጦርነት ካሳ ከከፈለችው ገንዘብ የተሠራ ግድብ አዋሽን አቁሞት የተፈጠረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የተጠናቀቀው። መብራት ሰጠን፣ ከታች ላሉት የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ እርሻዎችም ውኃ አመጣጠነ። የቆመ ውኃ ግን ሌላም ነገር ይሰበስባል። ከላይ የሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎችና ከተሞች የሚለቁት ፍሳሽ፣ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ መጨረሻው እዚያ ነው። እምቦጭ በአገራችን መጀመሪያ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱም ቆቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965። ጣና ላይ ስለ እምቦጭ ከመጮሃችን ብዙ ዓመት በፊት ማለት ነው።

ማዳበሪያና ፍሳሽ የበዛበት ውኃ በሞቃት ወቅት አረንጓዴ ይሆናል። አንዳንዴ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ይሄ ሣር ወይም ተራ አልጌ አይደለም፤ ማይክሮሲስቲስ የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ ጥቃቅን ፍጥረት ነው፤ ቆቃ ላይም በተመራማሪዎች ተገኝቷል። ጋላቢ በወደቀ ቁጥር ውኃ በአፉና በአፍንጫው ይገባል፣ ማዕበሉ የሚረጨውንም ይተነፍሳል። ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ከዋጡት ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ብዙ ከተጠጣ ጉበት ይጎዳል። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ውኃው አረንጓዴ ሾርባ ከመሰለ የዚያን ቀን አትግቡ፤ ልጆችም ዳር ላይ አይጫወቱ።

ጉማሬና አዞ ቆቃ ላይ እንዳሉ የአካባቢው ሰው ይነግራችኋል። ዓሣ አስጋሪዎችን ጠይቁ፤ የት የት እንደሚውሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጉማሬ ሣር በል ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ጀልባ ይገለብጣል። ጠዋት ማለዳና ምሽት ላይ፣ ደንገልና ሸንበቆ ባለበት አትጠጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ትኩሳቱ

አንድ የአሰላ ወጣት አስቡ። እሁድ ቆቃ ወይም ዝዋይ ውሎ ደስ ብሎት ተመለሰ። ቆዳው ትንሽ አሳከከው፣ "ቢምቢ ነው" አለ። ከአራት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ጀመረው። ደረቅ ሳል አለው፣ ሆዱን ያመዋል፣ ሰውነቱ ላይ እንደ አለርጂ ዓይነት ሽፍታ ወጣ፣ ሌሊት ያልበዋል። ክሊኒክ ሄደ። ደም ተወሰደ፣ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ተባለ፣ መድኃኒት ተሰጠው። አልተሻለውም። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፣ መርፌ ተጨመረ። ሰገራው ታየ፣ ምንም የለም ተባለ። ሐይቁን ያነሳው ሰው የለም።

ይሄ ሰው ብልሃርዚያ ሊሆን ይችላል።

ብልሃርዚያ እንዴት እንደሚይዝ በቀላሉ ልንገራችሁ። ትሉ ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይገባል። ይፈለፈልና በውኃ ዳር ሣርና እምቦጭ ላይ የሚኖር አነስተኛ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተባዝቶ በሺህ እየሆነ ይወጣል፣ ውኃው ውስጥ ይዋኛል፣ የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም። እግር ማጠብ ይበቃል። በብዛት የሚዋኘው ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ልክ እኛ ለሽርሽር የምንወጣበት ሰዓት። ከሐይቁ መሐል ይልቅ ዳሩ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ቀንድ አውጣው ያለው እዚያ ነው። ቦርዳችሁን ይዛችሁ ጉልበታችሁ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማችሁ ጀልባውን የምትጠብቁበት ሃያ ደቂቃ ከግልቢያው ይብሳል። ከጀልባ መውጫ ሰሌዳ ካለ ከዚያ ላይ ግቡ፣ ከሣሩ ራቁ።

ከቆቃ በታች ወንጂ፣ ከአሰላ ምዕራብ ቁልቁል ደግሞ ዝዋይ፣ ብልሃርዚያ ለብዙ ዓመታት ሲጠናባቸው የኖሩ ቦታዎች ናቸው። ዳር ላይ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎችና ልጆች ደጋግሞ ስለሚይዛቸው ሰውነታቸው በከፊል ለምዶታል፤ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አይታመሙም፣ ጉዳቱ ዓመታት ቆይቶ ጉበታቸው ላይ ይወጣል። ጉበቱ ጠባሳ ሠርቶ ደም ያስመልሳል፤ ሆዳቸው ያበጠ፣ ደም የሚተፉ ወጣት ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ከዚህ ነው የሚመጡት። ከደጋ የወረደ ሰው ግን ሰውነቱ ይህን ትል አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከባድ የአለርጂ ዓይነት ምላሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ካታያማ ትኩሳት ይባላል። አንድ ቀን ብቻ ሐይቅ የገባ የከተማ ሰው ዓመቱን ሙሉ ውኃ ውስጥ ከሚውለው ሰው ይልቅ በዚህ መልኩ የሚታመመው ለዚህ ነው።

ምርመራው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ይፈልጋል፤ ትኩሳቱ ሲጀምር ሰገራ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። "ሰገራዬ ነፃ ነው" ማለት በዚያ ሰዓት ምንም ማለት አይደለም። በተራው የደም ሴል ምርመራ ላይ ግን ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያ ቁጥር ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሁለተኛው፣ አገራችን ውስጥ ታይፎይድ የሚባለው አብዛኛው የሚታወቀው ዊዳል በሚባል ምርመራ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ታይፎይድ የሌለበትንም ሰው "አለብህ" ሊል ይችላል። ስለዚህ የታይፎይድ ወረቀት ስለያዛችሁ ብቻ የትኩሳቱ ምክንያት ታወቀ ማለት አይደለም።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ርካሽና ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን "ነገ ቆቃ ልሄድ ነው፣ ቀድሜ ልዋጠው" አይሠራም፣ መከላከያ አይደለም። ከሐይቅ በተመለሳችሁ ማግስት መዋጥም ብዙም አይጠቅምም፤ የሚገድለው ያደገውን ትል እንጂ ገና የገባውን ሕፃኑን አይደለም። ትክክለኛው ጊዜ ከተጋለጣችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው፤ መጠኑም በኪሎ ነው የሚሰላው። ምንም ሳትታመሙ እንኳ ሐይቅ ከገባችሁ ከሁለት ወር በኋላ ሰገራ አስመርምሩ። ፎጣ ወስዶ ወዲያው እያሹ መድረቅ ጥቂት ይረዳል ይባላል፤ እኔ አልተማመንበትም።

ወባስ?

አሰላ ላይ በከፍታችን ምክንያት ወባ አይተላለፍም። ይሄ በረከት ነው፣ ግን ያዘናጋናል። ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ ሁሉም ከ1,700 ሜትር በታች ናቸው፤ በኢተያና በዴራ ቁልቁል ስትወርዱ ጆሯችሁ ሲደፈን የወባን ድንበር እየተሻገራችሁ ነው። ቆቃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከሐይቁ ዳር ያሉ መንደሮች ራቅ ካሉት ይልቅ በወባ በጣም ይጠቃሉ። ግድቡ ውኃ ሲለቅና ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ ዳሩ ላይ የሚቀሩት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ናቸው ትንኟን የሚያራቡት። በአገር ደረጃም ወባ ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል፣ 1,157 ሰው ሞቷል።

ወባ ከተነከሳችሁ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ይፈልጋል። እሁድ ተመልሳችሁ ማክሰኞ ያተኮሳችሁ እንደሆነ ከዚህ ጉዞ የመጣ ወባ አይደለም። ከሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ተመርመሩ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። የደጋ ሰው ለወባ የለመደ ሰውነት የለውም፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ አንጎል ሊወጣ፣ ኩላሊት ሊያቆም ይችላል። "ጉንፋን ነው" ብሎ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እየጠጡ ሦስት ቀን መጠበቅ እዚህ ላይ አይሠራም።

ሎጅ ካደራችሁ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ከሌለ ይዛችሁ ሂዱ። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ ቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ተቀቡ። ጀንበር ስትጠልቅ ሐይቅ ዳር በቁምጣ የሚነሳው ፎቶ ቆንጆ ነው፤ ትንኟም ያን ሰዓት ትወደዋለች።

"ላንጋኖስ ንጹሕ አይደል?" ትሉኛላችሁ። ላንጋኖ ውኃው ጨዋማነት ስላለው ለቀንድ አውጣው አይመችም፤ ስሙ የተሻለ የሆነው ለዚህ ነው። ከተመረጠ እሱን እመርጣለሁ። ግን ይሄ ስም ከአርሲ ተራራ ወርደው ወደ ሐይቁ ለሚገቡት ወንዞች አይሠራም፤ ጨዋማውን ታጥቦ ለማስለቀቅ ብላችሁ ወንዙ ውስጥ አትግቡ። ወባው ደግሞ እዚያም አለ።

ወደ ላይ፣ በአዳባና ዶዶላ በኩል ያለው የመልካ ዋከና ግድብ ሐይቅ በተቃራኒው ነው። ዋቢ ሸበሌ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ወባም ብልሃርዚያም እምብዛም ቦታ የላቸውም። ችግሩ ብርዱ ነው። በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስትወድቁ ሳታስቡት በኃይል አየር ትስባላችሁ፤ በዚያች ቅጽበት አፋችሁ ውኃ ውስጥ ከሆነ የምትስቡት ውኃ ነው። ላይፍ ጃኬቱ እዚያ እጥፍ ያስፈልጋል። ቀስ ብላችሁ፣ ፊታችሁንና ደረታችሁን አርጥባችሁ ግቡ፤ ከወደቃችሁ ደግሞ ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ለመዋኘት አትታገሉ፣ ተንሳፍፋችሁ ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ጠብቁ።

የሄዳችሁበትን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቡት። እሱ ላይ ሁለት ማስታወሻ ጨምሩ፤ አንዱ ከሳምንት በኋላ "ካተኮሰኝ የወባ ምርመራ"፣ ሌላው ከስምንት ሳምንት በኋላ "የሰገራ ምርመራ"። ትኩሳት ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስትገቡ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም፣ ካርድ ክፍል ሳይሆን ሐኪሙ ፊት፣ እንዲህ በሉ፦ "በዚህ ቀን ቆቃ ሐይቅ ገብቼ ነበር፤ እዚያም አድሬአለሁ። የወባ ምርመራ ይታዘዝልኝ፣ ኢዮሲኖፊሌም ይታይልኝ።"